የወተት ፍየል ሲመረጥ ጭብጡ ዝርያው ነውን?

ከከተማ ወጣ ብሎ ትንሽ መሬት ያለው ሰው በርክቷል። አንዱ በውርስ የደረሰው ነው፤ ሌላው ከዘመድ ጋር ተስማምቶ የያዘው ነው። ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ፣ ሆለታ፣ ቢሾፍቱ፣ መቂ… ቦታው ይለያያል እንጂ ሐሳቡ ተመሳሳይ ነው። ጡረታ ሲቃረብ ወይም የወተት ዋጋ ሲያስመርር ሰው ስለ ከብት ማሰብ ይጀምራል። ላም ግን ዋጋዋም ሆዷም ከባድ ነው፤ አንዲቷ ብትሞት የምታደርሰው ኪሳራ ደግሞ ቤት ያናጋል። በአንዲት ላም ቀለብ አምስትና ስድስት ፍየል ማደር ይችላል። አንዷ ብትሞት አራቱ ይተርፋሉ። ስለዚህ ፍየል ትታሰባለች። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «የትኛው ዝርያ ይሻላል?»

መልሱን ከጥያቄው በፊት ይዘው የሚጠብቁ ደላሎች አሉ። ነጭ ፍየል ሁሉ ሳነን ነች፤ ጆሮዋ የተንጠለጠለ ሁሉ ኑቢያን ነች። በቀን ይህን ያህል ሊትር ትሰጣለች ይሏችኋል፤ የት፣ ምን በልታ፣ ማን ሲያልባት የሚለውን ግን አይነግሯችሁም።

ሕግ የተማረ ሰው ስለ ፍየል ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር አልቀየመውም። በእኛ ሙያ ግን አንድ ጠቃሚ ልማድ አለ። ዳኛ ማስረጃ ከመስማቱ በፊት ጭብጥ ይይዛል። ጭብጡ ከተሳሳተ ማስረጃው የቱን ያህል ቢከመር ፍርዱ አይቃናም። በወተት ፍየል ጉዳይ የሚታየው ችግርም ይኸው ይመስለኛል። ዝርያ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ጭብጥ ሆኖ ሳለ እኛ ከሁሉ አስቀደምነው። መቅደም ያለባቸው ሌሎች ናቸው፤ ምን ትበላለች? ማን ያልባታል? ወተቱንስ ማን ይጠጣዋል?

ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ስማቸው የሚነሳውን ዝርያዎች እንወቃቸው። ሳነን ስሟን ያገኘችው በስዊዘርላንድ በርን ካንቶን ውስጥ ካለ ሸለቆ ነው። ነጭ ወይም ክሬም መልክ ያላት ትልቅ ፍየል ናት። በወተት ብዛት በዓለም ቀድሞ የሚጠራው የእርሷ ስም ነው። በአውሮፓ በደንብ በሚያዙ መንጋዎች በአንድ የአለባ ዘመን 800 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ ትታለባለች። ይህ ለአሥር ወር ሲካፈል በቀን ከሁለት ሊትር ተኩል በላይ ይሆናል። የወተቷ ስብ ግን 3.5 በመቶ ገደማ ነው። ቆዳዋ ነጣ ያለ በመሆኑም ኃይለኛ ፀሐይ አይስማማትም። ቶገንበርግ የምትባለው ደግሞ እዚያው ስዊዘርላንድ ቅዱስ ጋለን ካንቶን የተገኘች ናት። ቡናማ ሆና ፊቷ ላይ ሁለት ነጭ መስመሮች አሏት፤ እርሷም የብርድ አገር ልጅ ናት።

አንግሎ ኑቢያን ታሪኳ ለየት ይላል። ስሟ ኑቢያን ይጥራ እንጂ የተሠራችው እንግሊዝ አገር ነው። እንግሊዞች በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአገራቸውን ፍየል ከመካከለኛው ምሥራቅ፣ ከሕንድና ከሰሜን አፍሪካ ከመጡ ጆሮ ረጃጅም አውራዎች ጋር አዳቅለው ያገኟት ናት። ወተቷ በመጠን ከሳነን ያንሳል፤ ስቡ ግን ከ4.5 እስከ 5 በመቶ ይደርሳል። ሙቀትን ከስዊዞቹ በተሻለ ትችላለች።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በአራተኛዋ ነው። ቦር የምትባለዋን ነጭ ሰውነትና ቀላ ያለ ጭንቅላት ያላትን የደቡብ አፍሪካ ፍየል ማለቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት ገንዘብ ይካሄድ በነበረ የበግና የፍየል ምርታማነት ማሻሻያ ፕሮግራም አማካይነት ወደ አገራችን ገብታለች። ቦር የሥጋ ፍየል ናት። ቶሎ ትወፍራለች፣ ሙክት ይወጣታል። «የውጭ ፍየል ናት» ተብሎ ለወተት የሚገዛት ሰው ግን ለእርሻ ብሎ የውድድር ፈረስ እንደገዛ ሰው ነው።

የራሳችንን ደግሞ እንመልከት። አገራችን ከ50 ሚሊዮን በላይ ፍየል አላት። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት በኢትዮጵያና በኤርትራ ያሉትን ፍየሎች በመልክና በቁመናቸው በ14 ዓይነት ከፍሏቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ የተደረገ የዘረ መል ጥናት ቁጥሩን ወደ 8 አውርዶታል። ይህ ማለት በዓይን የተለያዩ የሚመስሉን አንዳንዶቹ በደም አንድ ናቸው ማለት ነው። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። ፍየሎቻችን በወተት እኩል አይደሉም። ወተቱን ሲጠጣ የኖረ ሕዝብ ፍየሉን ለወተት መርጧል፤ ሥጋውንና ቆዳውን ሲፈልግ የኖረም ለዚያው መርጧል። በሑመራና በአካባቢው ቆላ የምትገኘው በጌት፣ የአፋር ፍየል፣ በኦጋዴንና በቦረና የምትረባው ጆሮ ረጅም የሶማሌ ፍየል ወተት ዋና ምግብ ከሆነበት ሕዝብ እጅ የወጡ ናቸው። በማዕከላዊው ደጋ ግን ፍየል ስትታሰብ የሚታሰበው ጥብስ ነው። ስለዚህ አንድ የሸዋ ሰው «የአበሻ ፍየል ወተት የላትም» ሲል የሚናገረው በደጁ ስላያት ፍየል ነው። አርብቶ አደሩ ይህን ቢሰማ ይስቅበታል።

እንግዲህ «የውጭ ደም ይሻላል ወይስ የአገር ቤት?» ለሚለው ክርክር በአገራችን የተሰማ ጥሩ ማስረጃ አለ። የሚያሳዝነው ከግብርና ባለሙያዎች ውጭ ብዙ ሰው አያውቀውም። ፋርም አፍሪካ የተባለው የብሪታንያ ግብረ ሰናይ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የወተት ፍየል ልማት ፕሮግራም ጀምሮ ነበር። አብረውት የሠሩት ግብርና ሚኒስቴር፣ የያኔው ዓለማያ የግብርና ዩኒቨርሲቲና የአዋሳ እርሻ ኮሌጅ ናቸው። ከሥራው ቦታዎች መካከል በምሥራቅ ሐረርጌ ጉርሱምና ኮምቦልቻ ይገኙበታል (የወሎው ኮምቦልቻ አይደለም)። የታቀደው ለድሃ ድሃው ቤተሰብ፣ በተለይ ሴቶች ለሚመሩት ቤተሰብ ነበር። መሬቱ ጠባብ ነው፣ ላም የሚገዛበት አቅም የለም፣ ሕፃናት ወተት ይፈልጋሉ። በሐረርጌ ደግሞ ወተት ለሻይም ለሆጃም ያስፈልጋል።

ፕሮግራሙ ወደ ውጭ ዝርያ የሄደው ዘሎ አይደለም። ሴቶቹ በቡድን ተደራጅተው ሥልጠና ያገኛሉ፣ መኖ ይተክላሉ። የአገር ቤት ፍየሎች በብድር ይሰጧቸዋል፤ ብድሩ የሚመለሰው በገንዘብ ሳይሆን በፍየል ነው። ከሠፈሩ የተመረጡ ሰዎች የእንስሳት ጤና ረዳትነት ይማራሉ። አንግሎ ኑቢያን አውራዎች ከሶማሌ ፍየሎች ጋር ተዳቅለው የተገኙት ክልሶች የሚመጡት ከዚህ ሁሉ ጋር ነው።

ውጤቱ ምን ሆነ? ዶ/ር ወርቅነህ አያሌውና ባልደረቦቻቸው ከእነዚሁ የሐረርጌ ገበሬዎች ዘንድ መረጃ ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2003 በአንድ ዓለም አቀፍ የግብርና ሳይንስ መጽሔት ላይ አሳተሙ። ሒሳቡን የሠሩት በወተት ሊትር ብቻ አይደለም። ሥጋውን፣ ፍጉን፣ ፍየል በችግር ጊዜ ተሽጣ የምትሰጠውን ዋስትና ጭምር ቆጥረው፣ ገበሬው ካወጣው መሬትና ጉልበት ጋር አነጻጸሩት። ያገኙትም አያያዙን ያሻሻሉ ገበሬዎች ካላሻሻሉት በግልጽ መብለጣቸውን ነው። አያያዙን ካሻሻሉት መካከል ግን ክልስ ፍየል ያላቸው የአገር ቤት ፍየል ብቻ ካላቸው አልበለጡም። በሌላ አነጋገር ጥቅሙን ያመጣው መኖው፣ ሕክምናውና እንክብካቤው ነው። የውጭው ደም በዚያ ላይ የጨመረው የተጣራ ጥቅም አልታየም።

ለምን ይሆን? እኔ እንደሚገባኝ ነገሩ ቀላል ነው። ክልሷ የበለጠ ትታለባለች፤ የበለጠም ትበላለች። መኖው የተወሰነ ከሆነ አንዷ ትልቅ ፍየል የሁለት ትናንሾችን ድርሻ ትወስዳለች። በአስቸጋሪ ዓመት የምትሸጠው ደግሞ አንዷን ብቻ ነው።

ይህ ማለት የውጭ ዝርያ የትም አያዋጣም ማለት አይደለም። ያው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኬንያ ውስጥ ሜሩ በተባለ አካባቢ ቶገንበርግ አስገብቶ ጥሩ ውጤት አግኝቷል። እዚያ ግን ገበሬዎቹ የራሳቸውን የአርቢዎች ማኅበር አቋቁመዋል፤ አውራ በየሠፈሩ ይያዛል፣ የዘር ሐረግ ይመዘገባል፣ ወተቱንም ቤተሰቡ ለሻይ ይፈልገዋል። እኛ አገር ከአንድ ነጋዴ ሁለት «ሳነን» ገዝቶ ወደ ሱሉልታ የሚወስድ ሰው ከእነዚህ አንዱም የለውም። አውራዋ ሲሞትበት ወይም ሲያረጅበት ዝርያው እዚያው ያበቃል።

አሁን ወደ ምግቡ እንሂድ። የከተማ ሰው ሒሳብ ሲሠራ ግዢውን ይቆጥራል እንጂ ቀለቡን አይቆጥርም። አንዲት 50 ኪሎ የምትመዝን የምትታለብ ፍየል በቀን ከክብደቷ 4 በመቶና ከዚያ በላይ ደረቅ ምግብ ትፈልጋለች። ይህ ከሁለት ኪሎ ያላነሰ ነው። እርጥብ ቅጠልና ሣር አብዛኛው ውኃ ስለሆነ፣ ሁለት ኪሎ ደረቅ ለማግኘት ከ8 እስከ 10 ኪሎ እርጥብ መኖ ማጨድ ያስፈልጋል። አምስት እንዲህ ያሉ ፍየሎች ያሉት ሰው በየቀኑ ግማሽ ኩንታል ያህል ያጭዳል ማለት ነው፤ እሑድም፣ ፋሲካም፣ መስከረም አንድም። 25 ኪሎ የምትመዝን የአገር ቤት ፍየል የግማሹን ይበቃታል። ውኃም አይረሳ፤ ወተት ከመቶ ሰማንያ ሰባቱ ገደማ ውኃ ስለሆነ ያልጠጣች ፍየል አትታለብም።

ስለዚህ ፍየሏ ከመምጣቷ አንድ ክረምት ቀድሞ መኖው መተከል አለበት። ዝሆኔ ሣር በውኃ መውረጃው ዳር፣ ሰስባንያና ሉኪና በአጥሩ ላይ፣ ወይና ደጋና ቆላ ከሆነ የርግብ አተር በመስመር መሐል። ፍየል ሣር ከመጋጥ ይልቅ ቅጠል መልቀም ትወዳለችና የአጥር ዛፍ ለእርሷ ከመስክ ይበልጣል። ከፉርሽካና ከፋጉሎ ትንሽ የሚጨመረው በዚህ ላይ እንጂ በዚህ ፈንታ አይደለም። በሐረርና በድሬዳዋ ፍየሎች የጫት ገራባ በልተው ሲያድሩ ያየ ሰው ፍየል ሁሉን ትበላለች ብሎ ሊደመድም ይችላል። አዎ፣ ትበላለች። ሁሉንም የምትበላ ሁሉ ግን ወተት አትሰጥም።

ማን ያልባታል የሚለው ከምግቡ ያልተናነሰ ነው። የወተት ፍየል ጠዋትና ማታ ትታለባለች። ሠራተኛው ለበዓል አገሩ ሲገባ «ሰኞ እስክመለስ ቆዪ» አትባልም፤ ያልታለበ ግት ያብጣል፣ ከዚያም ይታመማል። በደጋው አካባቢ ላም እንጂ ፍየል አልቦ የማያውቅ ሠራተኛ ብዙ ነው፤ መማር አለበት። ደግሞ ብዙ የከተማ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ፤ ሳትወልድ ወተት የለም። እርግዝናዋ አምስት ወር ነው። ከመውለዷ በፊት ሁለት ወር ያህል ማረፍ አለባት። ዓመቱን በሙሉ ወተት የሚፈልግ ሰው ፍየሎቹን በተራ ማስጠቃት እንጂ ሁሉንም አንድ ጊዜ ማስረገዝ የለበትም። አንዲት ፍየል ብቻዋን ማሰርም አይሆንም፤ የመንጋ እንስሳ ስለሆነች ትጮሃለች፣ ትከሳለች።

ወተቱን ማን ይጠጣዋል? በአዲስ አበባ የፍየል ወተት እንደ ላም ወተት በየሱቁ ደጅ የሚጠየቅ ሸቀጥ አይደለም። መሸጫ ሳያዘጋጁ ለገበያ ብሎ መጀመር በፍርድ ቤት ያለ ምስክር እንደመቆም ነው። ጾሙም አለ፤ ደንበኛው በዓብይ ጾም ይጠፋል፣ ፍየሏ ግን አትጾምም። እኔ የማምነው ትንሽ ይዞታ ያለው ሰው በመጀመሪያ ለቤቱ ማሰብ እንዳለበት ነው። ለቤት ከሆነ ደግሞ በቀን አራት ሊትር አያስፈልግም፤ አንድ ሊትር ተኩል ለሻይም ለልጆችም ይበቃል። ይህን ሁለት ሦስት ደህና የአገር ቤት ፍየሎች ሊሸፍኑት ይችላሉ።

በነገራችን ላይ «የፍየል ወተት መድኃኒት ነው» እየተባለ ጥሬውን የሚጠጣ አለ። ከፍየል ወደ ሰው የሚተላለፈው ብሩሴሎሲስ የሚገባው በዚሁ መንገድ ነው፤ ለወራት የሚመላለስ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ያመጣል። ወተቱ ይፈላ። ሌላው ደግሞ ለጨቅላ ሕፃን በጡት ፈንታ የፍየል ወተት ብቻ መስጠት ነው። የፎሊክ አሲድ መጠኑ አነስተኛ ስለሆነ ሕፃኑን ለደም ማነስ ይዳርገዋል።

ይህ ሁሉ ከተመለሰ በኋላ ነው እንግዲህ ዝርያ የሚመጣው። አስተያየቴን በግልጽ ልናገር። ቦታው ሞቃት ቆላ ከሆነ የውጭ ደም ሳይፈልጉ በጌት ወይም ጆሮ ረጅሟን የሶማሌ ፍየል መያዝ ይሻላል። በስምጥ ሸለቆው፣ ከመቂ እስከ ሐዋሳ ባለው መስመር፣ የአርሲ ባሌ ፍየሎች አሉ፤ መንታ በመውለድም ይታወቃሉ። ከእነዚህ ደህና ደህናዎቹን መርጦ፣ መኖው ከደረሰ በኋላ በአንግሎ ኑቢያን አውራ አንድ ጊዜ ማዳቀል ያስኬዳል። ሳነንና ቶገንበርግ ለደጋው ይሆናሉ፤ ያውም ጥላ፣ ደረቅ ጋጣ፣ የሚገዛ መኖና በስልክ የሚደርስ ሐኪም ላለው ሰው። ቆለኛዋን በጌት ወደ ሆለታ ብርድና ጭቃ ማምጣትም ያው ስሕተት ነው፤ የአገር ቤት መሆኗ ከሳንባ ምች አያድናትም።

ግማሽ ደም ላይ መቆም ለትንሽ አርቢ ይበጃል የምለው በምክንያት ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ክልስ የሁለቱን ወላጆች ጥንካሬ ይዞ ይወጣል። ክልስን ከክልስ ሲያዳቅሉ ግን ልጆቹ ይበታተናሉ፤ አንዷ እናቷን፣ አንዷ አያቷን፣ አንዷ ማንንም ሳትመስል ትወለዳለች። የውጭውን ደም እያበዙ መሄድ ደግሞ የበሽታና የቀለብ ዕዳውንም ያበዛል። የስዊዞቹን ዝርያ ለያዘ ሰው አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ፤ በተፈጥሯቸው ቀንድ የሌላቸውን ወንድና ሴት ማጣመር የለበትም። እንዲህ ካለ ጥምረት ጾታቸው ያልለየና የማይወልዱ ግልገሎች ይገኛሉ። ከሁለቱ አንዱ ባለ ቀንድ ይሁን።

በአንድ ዝርያ ውስጥ ያለው ልዩነት በሁለት ዝርያዎች መካከል ካለው የማይተናነስበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ሲገዙ ስሟን ሳይሆን ፍየሏን መመርመር ነው። በመጀመሪያ ጥርሷን ይዩ። በዓመቷ ገደማ ከታች ሁለት ትልልቅ ጥርሶች ታወጣለች፤ ከዚያ በየዓመቱ ሁለት ሁለት እየጨመረች በአራት ዓመቷ ስምንቱን ትሞላለች። ከዚያ በኋላ የሚላላና የሚወድቅ ጥርስ እርጅና ነው። ግቷ ሰፊ፣ ከሆዷ ጋር በደንብ የተያያዘ፣ ሲታለብ እንደ ባዶ ከረጢት የሚጨማደድ ይሁን። ሳይታለብም ታልቦም ያው ትልቅ ከሆነ ሥጋ እንጂ ወተት አይደለም። በጣት ሲዳሰስ ጠጣር እብጠት ካለ ይተዉት። ከሁሉ በላይ ግን ግልገሎቿ ለብቻቸው አድረው ጠዋት ስትታለብ በዓይንዎ ይዩ፤ ማታም ተመልሰው ይዩ። አንድ አለባ ብቻ አይበቃም፤ ሳትታለብ ያደረችና የዋለች ፍየል ለገዢ ስትቀርብ ጎተራ ትመስላለች።

እዚህ ላይ ሙያዬን ልጠቀም። ፍየል በቃል የሚሸጥ ዕቃ ሆኖ ኖሯል። «ንጹሕ ሳነን» ተብሎ በብዙ ብር የሚሸጥ ከሆነ ግን በቃል ብቻ መቅረት የለበትም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የተስማማና ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ዋስትና እንዲሰጥ ያዛል። ውሉ «አንድ ነጭ ፍየል» የሚል ከሆነ ግን ነጭ ፍየል ተረክበዋልና ምን ብለው ይከሳሉ? ዝርያዋ፣ የደም መጠኗ፣ ዕድሜዋ፣ ስንት ጊዜ እንደወለደች፣ በቀን ስንት እንደምትታለብና የተሰጣት ክትባት ይጻፍ። በተለይ የሳንባ ምችና ደስታ መሰል በሽታ ክትባት መኖሩ ይረጋገጥ። ሕጉ በገዢውም ላይ ግዴታ አለው፤ የገዛውን ሳይዘገይ መመርመርና ጉድለቱን ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ከሦስት ወር በኋላ «ወተት የላትም» ብሎ መደወል ዘግይቷል።

ሁለተኛው የሕግ ነገር አጥር ነው። ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ የተባለው ያለ ነገር አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 መሠረት የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው፤ በድንገት አምልጣ ቢሆን እንኳ። የጎረቤት ጎመንና የቡና ችግኝ ላይ የምታድር ፍየል ወተቷን ሁሉ በካሣ ትከፍላለች። ሕጉ ባለቤቱ እንስሳውን ለተጎዳው ሰው አሳልፎ በመስጠት ከኃላፊነት የሚላቀቅበትን መንገድም አስቀምጧል። ነገር ግን በብዙ ብር የተገዛችን ክልስ በጎመን ማሳ የሚለውጥ ሰው ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ጋጣው ውስጥ አብልቶ ማዋል ወይም ጠንካራ አጥር ማጠር ነው። የአጥሩም ዋጋ ከፍየሏ ዋጋ ጋር ተደምሮ በመጀመሪያው ቀን ሒሳብ ውስጥ ይግባ።

አውራን በተመለከተ አንድ ነገር ጨምሬ ልጨርስ። ለሦስትና ለአራት ፍየል የራስን አውራ መቀለብ ኪሳራ ነው። አውራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የራሱን ልጆች ማጥቃት ይጀምራል። ሽታውም ከሚታለቡት ጋር ካደረ ወተቱን ያበላሸዋል። አምስት ስድስት ጎረቤቶች በአንድ አውራ ተስማምተው አንዱ ዘንድ ቢይዙት፣ የመኖውን ወጪ ቢካፈሉት፣ በየሁለት ዓመቱም ከሌላ ሠፈር ከመጣ ቢለውጡት ይሻላል። ማን መቼ እንዳስጠቃ የሚጻፍበት አንድ ደብተር ያስፈልጋል። ፍየሏ በየ21 ቀኑ ገደማ ስለምትፈልግ፣ ከተጠቃች ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና ከፈለገች አልያዘችም ማለት ነው፤ ቀኑ በደብተሩ ላይ ካለ ይህን ለማወቅ ሐኪም አያስፈልግም።